ለስስ ፀጉር ብቻ

ባለፈው ዓርብ ከቀትር በኋላ እናቴ ከባምባሲ ደወለችልኝ። እናቴ ስትደውል መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ቀጥሎ ስለ በቆሎው፣ ከዚያ በቆሎውን ስለሚበሉት ዝንጀሮዎች ነው የምታወራው፤ ዋናው ጉዳይ የሚመጣው ልትዘጋ ስትል ነው። ያን ቀን ግን ስልኩን እንዳነሳሁ «ኻልቲ ነፊሳ አረፈች» አለችኝ። አፍንጫዋን ጠረገችና «እንግዲህ የኔን ፀጉር ማን ሊያየው ነው?» ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

ለማያውቅ ሰው ይህ የራስ ወዳድ ለቅሶ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ኻልቲ ነፊሳ ብትሰማው ከዚህ የበለጠ ደስ የሚላት ለቅሶ እንደማይኖር አውቃለሁ። የሚገርመው ይህን ያለችው ማን እንደሆነች ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህችው እናቴ ኻልቲ ነፊሳን «መተተኛ ናት» ብላ ስሟን አጥፍታ፣ ከሥራ ቤቷ ልታስባርራት ትንሽ ነበር የቀራት። እኔ አሁን ኑሮዬ ፓዌ ስለሆነ ለቀብሩ መድረስ አልቻልኩም። እናቴ ሄዳ ለቅሶ ደርሳለች። ከእኔ እጅ የሚወጣው መጻፍ ብቻ ነውና ይኸው እጽፋለሁ።

«ኻልቲ» በዐረብኛ አክስቴ ማለት ነው። አሶሳ ውስጥ ዕድሜዋ ገፋ ያለችን ሴት በርታውም፣ ሰፋሪውም፣ ባለባጃጁም እንዲህ ብሎ ይጠራታል። ኻልቲ ነፊሳ የበርታ ተወላጅ ነበረች፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት። ከራሷ እስከ እግሯ የምትጠቀለልበት ደማቅ ስስ ጨርቅ ነበራት፤ ሥራ ላይ ስትሆን በየደቂቃው ከትከሻዋ ይንሸራተታል፣ እሷም በክርኗ መልሳ ትወረውረዋለች። ሚዶዋን በጥርሷ ነክሳ ነበር የምታወራው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች። መጀመሪያ የሰማች ሴት ትደነግጣለች፣ በሁለተኛው ትለምደዋለች፣ በሦስተኛው ሌላ ሰው «አንቺ» ሲላት ቅር ይላታል።

ፀጉር ቤቷ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ከበሩ በላይ ባለው ቆርቆሮ ላይ «ነፊሳ የሴቶች ፀጉር ቤት» የሚል ጽሑፍ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ በቀይ ቀለም «ለስስ ፀጉር ብቻ» ይላል። ይህቺን «ብቻ» የምትለዋን ቃል ሰዎች የንግድ ዘዴ ትመስላቸው ነበር። አይደለችም። ኻልቲ ነፊሳ ፀጉሯ የበዛ ሴት ከመጣች በእውነት ትመልሳታለች።

አንድ ቀን እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ፣ ፀጉሯ ወገቧ ላይ የደረሰ፣ ጌጧ የሚያንጸባርቅ አንዲት የትልቅ ሰው ሚስት ገባች። ኻልቲ ነፊሳ ፀጉሩን በአንድ እጇ አንስታ መዘነችውና መልሳ ለቀቀችው።

«ይሄ ጫካ ነው። ሌላ ቤት ሂድ» አለቻት።

ሴትዮዋ ተቆጣች። «ምን ጎደለኝና ነው የማልሠራው?»

«ምንም አልጎደለህም። ለዚህ ነው።»

ሴትዮዋ እየተሳደበች ወጣች። እኛ ወረፋ የያዝነው አራት ስስ ፀጉራሞች ግን ያን ቀን የተሰማንን ኩራት ምን ብዬ ልግለጸው! ዕድሜ ልካችንን የሰው ፀጉር ስናደንቅ ኖረን፣ በሰው ፀጉር ምክንያት ከኋላ ወንበር ስንቀመጥ ኖረን፣ አንድ ቤት ተገኘ፤ እዚያ ቤት ደግሞ ወረፋው የእኛ ነው።

እኔ እዚያ ቤት እንዴት እንደገባሁ ልናገር። የተወለድኩት ባምባሲ ነው፤ ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። ኮሌጅ እንደጨረስኩ አሶሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ፀጉሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ስስ ነው፤ ሹሩባ ስሠራ የራሴ ቆዳ ከፀጉሬ በላይ ነበር የሚታየው። የመጀመሪያ ደመወዜን እንደተቀበልኩ ዊግ ገዛሁ። የአሶሳን የሚያዝያ ሙቀት የሚያውቅ ሰው ዊግ አድርጎ መዋል ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አንድ ቀን አለቃችን ፋይል ፈልጎ መጣ። ከታችኛው መደርደሪያ ላወጣለት ጎንበስ ስል ዊጉ ቀድሞኝ መሬት ደረሰ። አለቃችን ጨዋ ሰው ነው፤ አነሳና በሁለት እጁ አቀበለኝ፣ ፋይሉን ተቀበለኝ፣ አመስግኖኝ ወጣ። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ወደዚያ ቀይ ጽሑፍ ሄድኩ። ኻልቲ ነፊሳ አንዴ አየችኝና ዊጉን ከራሴ ላይ አንስታ ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ ሰውዬ እዚያ ይቀመጥ። አንተ እዚህ ተቀመጥ» አለች።

ተቀመጥኩ። ጣቶቿ ጆሮ ግንዴ ላይ አረፉ፤ እዚያ ቦታ ላይ ፀጉሬ ወደኋላ ሸሽቶ ነበር። «ማነው የጎተተህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ ማንኛዋንም አዲስ ደንበኛ ትጠይቅ ነበር፤ ድምፅዋ የሐኪም እንጂ የወቃሽ አልነበረም። ሹሩባ የሠሩኝን ሴቶች አንድ በአንድ ስነግራት እያንዳንዳቸውን «አላህ ይቅር በለው» እያለች አሳለፈቻቸው።

ከዚያ ትከሻዬ ላይ ካነጠፈችው ነጭ ጨርቅ አንዲት የወደቀች ፀጉሬን አነሳች። ጆሮዬ አጠገብ አድርጋ በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ መሃል አንከባለለቻት። «ትሰማለህ?» አለች። ምንም አልሰማሁም። «አትሰማም። ወፍራም ፀጉር ይጮሃል፣ ቀጭን ፀጉር ዝም ይላል። አንተ ፀጉር ቀጭን ነው፣ ትንሽ አይደለም። ቀጭን ሌላ፣ ትንሽ ሌላ። ሹፍ፣ እይ፣ ቆጥሬ አልጨርስም። አንተ ብዙ ፀጉር አለህ፣ ያ ቢንቲ።» ልጄ ሆይ ማለቷ ነው።

ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ብዙ ፀጉር አለሽ ብሎኝ አያውቅም። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ። ኻልቲ ነፊሳ እንባዬን አይታ «ጥሩ ነው፣ አልቅስ፤ እኔ እስከዚያ ልቁረጥ» አለችና መቀሷን አነሳች።

መቁረጥ የመጀመሪያው ሥራዋ ነበር። እኛ ቤት ስስ ፀጉር ያላት ልጅ እንዲረዝምላት ነው የሚጸለየው፤ ኻልቲ ነፊሳ ግን ጫፉ የሳሳውን ያለ ርኅራኄ ታነሳዋለች፤ የቀረው ሲያጥር ሞላ ብሎ ይታያል። ፀጉር የምትከፍልበት መስመር ደግሞ ቀጥ ብሎ አያውቅም። በሚዶዋ ጭራ ወዲህና ወዲያ እያዞረች ትከፍለዋለች፤ መስመሩ ቀጥ ካለ የራስ ቆዳ ይታያል፣ ከተጠማዘዘ ግን ፀጉር በፀጉር ላይ ይተኛል። ሹሩባ ስትሠራ ከግንባርና ከጆሮ ግንድ ላይ ያለውን ጥቃቅን ፀጉር አትነካውም፣ «እሱ ልጅ ነው» ትላለች። ሠርታ ስትጨርስ ትንሿ ጣቷን ከጉንጉኑ ሥር ታስገባለች። ጣቷ ካልገባ፣ የሁለት ሰዓት ሥራ ቢሆንም እንኳ ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። ካስክ ሥር መቀመጥ የለም፤ በፎጣ ማሸትም የለም፤ ፀጉራችንን የምታደርቀው በአሮጌ የጥጥ ካናቴራ እየጫነች ነበር። ከልብስ ሰፊ የተረፈ የኮት ገበር ለምና ታመጣና ትራሳችን ላይ እንድናደርገው ታድለናለች፤ ገበር ስለሚያንሸራትት ፀጉር ሲገላበጡ አይቆረጥም። የሰሊጥ ዘይት ሦስት ጠብታ መዳፏ ላይ ታሽና ጫፉን ብቻ ትነካካዋለች። አራተኛ ጠብታ የጠየቀች ሴት ተግሣጽ ትቀምሳለች። ቅቤ ደግሞ በእሷ ቤት ስሙም አይነሳም ነበር። «ቅቤ ለወጥ» ብላ ትዘጋዋለች። ስስ ፀጉር ቅቤ ሲቀባ ተጣብቆ ይተኛል፣ ከዚያም ያለውም የሌለ ይመስላል።

አሁን ወደ ወረቀቶቹ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በእነሱ ነውና። ኻልቲ ነፊሳ ከማበጠሯ በፊት ትከሻችን ላይ ነጭ ጨርቅ ታነጥፋለች። አበጥራ ስትጨርስ የወደቀውን ፀጉር አንድም ሳታስቀር ትለቅማለች። ከደብተር ላይ ቅዳጅ ወረቀት ወስዳ ትጠቀልለውና ሁለቱን ጫፍ እንደ ከረሜላ ትጠመዝዘዋለች። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ አንድ ነገር ትጽፍና ለባለቤቱ ትሰጣለች። «አማና ነው። ስትመጣ ይዘህ ና» ትላለች፤ አደራ ማለቷ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አሮጌውን ጥቅል ፈትታ ከአዲሱ ጎን ነጩ ጨርቅ ላይ ታስቀምጠዋለች። አዲሱ ካነሰ በቀስታ እልል ትላለች፤ ከበለጠ ደግሞ ምን በላህ፣ ማን አናደደህ፣ አሞህ ነበር ወይ እያለች ምርመራ ትጀምራለች።

እኔ እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ በዚህ ነገር እጅግ ነበር የምደነቀው። በእኛ መሥሪያ ቤት የአንድን ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ ደብዳቤ ለማግኘት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ የኻልቲ ነፊሳ ደንበኞች ግን እያንዳንዷ ማኅደሯን በቦርሳዋ ይዛ ነው የምትዞረው። የጻፈችውን ግን ማንበብ አልችልም ነበር። ኻልቲ ነፊሳ ፊደል የቆጠረችው ልጅ ሆና ቁርአን ቤት ብቻ ስለሆነ የምትጽፈው በዐረብኛ ነው። ስሜንና ቀኑን ይመስለኝ ነበር።

ያን ዓመት ለፋሲካ ቤተሰቦቼ ጋ ባምባሲ ሄድኩ። እናቴ በር ላይ አገኘችኝና ከሰላምታ በፊት ራሴን ዳበሰችው። «ውይ ልጄ! ራስሽ እንዲህ ደርቆ፣ ሰው የለሽም ወይ?» አለች። እምቢ ብልም ለጋ ቅቤ አምጥታ አናቴ ላይ ጣለችው። እውነት ለመናገር እጇ ይጣፍጣል፤ ስታሸኝ እንቅልፍ ወሰደኝ። አሶሳ ስመለስ ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ ኻልቲ ነፊሳ ጋ ሄድኩ።

«ቅቤ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የለም» አልኳት።

አንዴ አሸተተችኝ። ፀጉሬን እንደወትሮው ሠራችው። ያን ቀን ግን ወረቀቱ ላይ የጻፈችው ከወትሮው ረዘም ያለ ነበር።

ነሐሴ ላይ እንደገና ባምባሲ ሄድኩ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ቦርሳዬ ተበላሽቶ፣ እናቴ እኔ ሳልነሳ ልታጥብልኝ ውስጡን ዘረገፈችው። የነቃሁት በጩኸቷ ነው።

«በስመአብ ወወልድ! አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ግቢው ውስጥ ስደርስ ከረሜላ የሚመስሉት ስምንቱ ጥቅሎች አፈር ላይ ተደርድረዋል። እናቴ አንዱን ፈትታ አይታለች። የሰው ፀጉር፣ በወረቀት የተጠቀለለ፣ የማይታወቅ ጽሑፍ ያለበት! ጠበል ረጭታባቸዋለች። ልታቃጥላቸው ፈልጋ ጭሱን ፈራች፤ ልትጥላቸው ፈልጋ የሚረግጣቸውን ሰው ፈራች። በመጨረሻ አንድ በአንድ በእሳት ጉጠት እየያዘች ከቤቱ ጀርባ ወስዳ ድንጋይ ጫነችባቸው።

ማስረዳት ጀመርኩ። ፀጉር ቤት መሆኑን፣ ሴትዮዋ ጥሩ ሰው መሆኗን፣ ፀጉሬም እያደገ መሆኑን ነገርኳት። እናቴ የተናገርኩትን ሁሉ ማስረጃ አደረገችው።

«ጥሩ ሰው ናት ትያለሽ? በይ እንጂ! የተያዘ ሰው የያዘውን ይወዳል። አንቺማ ምን ታደርጊ፣ በእጅሽ አይደለም።»

የኻልቲ ነፊሳን ክፍል የምታከራየው እትዬ ዘነበች የምትባል ሴት ናት። እሷም ከወሎ ከመጡት ሰፋሪዎች አንዷ ስትሆን፣ አሶሳ ብትኖርም በየወሩ ለማርያም ማኅበር ባምባሲ ትመጣለች፤ ማኅበሩ ደግሞ የእናቴ ነው። እናቴ የዚያኑ ዕለት ደወለችላት። በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘነበች ኻልቲ ነፊሳን «በሰው ፀጉር ላይ የሚደገምበት ቤት አላከራይም፤ ወሩ ሲያልቅ ልቀቂ» አለቻት። ወሬው ከእሷ አፍ ወጥቶ ገበያውን ዞረ። አሶሳ ትልቅ ከተማ አይደለችም።

ሰኞ ስመለስ ፀጉር ቤቱ ባዶ ነበር። ኻልቲ ነፊሳ ብቻዋን ነጩን ጨርቅ ታጥፋለች። ያመጣሁባት እኔ እንደሆንኩ፣ ወሬውም የተነሳው ከእናቴ እንደሆነ ነገርኳት። ሚዶውን ከጥርሷ አወጣችው።

«መተት? እኔ?» አለች። እንደዚያ ፊቷ ሲገረጣ አይቼ አላውቅም። ይህ ክፍል ከሄደ ሌላ ማንም አያከራያትም፤ እንዲህ ያለ ስም ይዛ አይደለም ፀጉር፣ ውሃም ብትሸጥ የሚገዛት የለም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። «መተተኛ ፀጉር ይወስዳል። እኔ ግን እመልሳለሁ። ለምን እመልሳለሁ? ሰው እንዳይፈራ» አለች። ከዚያ የማልጠብቀውን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«እናት ፀጉር እንዴት ነው?»

አሰብኩ። እናቴን ያለ ሻሽ አይቻት አላውቅም። ስትተኛም፣ ስትታጠብም፣ ስትታመምም። «አላውቅም» አልኳት።

«እናትህ ፀጉር አታውቅም?» ብላ ብድግ አለች። «ቅዳሜ እንሂድ።»

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ባምባሲ ወረድን። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ስታየን የገባችበት ጭንቀት አሁን ሲታወሰኝ ያስቀኛል። በአንድ በኩል መተተኛዋ መጥታለች፤ በሌላ በኩል እንግዳ መጥቷል፣ እንግዳ ደግሞ ከደጅ አይመለስም። አማተበች፣ ከዚያ በርጩማ አወጣች። አማተበች፣ ከዚያ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት አቀረበች። ኻልቲ ነፊሳ አንዱን እሸት እስከ ቆረቆንዳው ድረስ በላችና «ማሻአላህ፣ ጣፋጭ» አለች። እናቴ ሳታስበው ሌላ ጨመረችላት።

«ወረቀቱ የታለ?» አለች ኻልቲ ነፊሳ። «እኔ አንብቤ ብነግርህ ዋሸ ትላለህ። አንተ የምታምን፣ ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ጥራ።»

ከአጥራችን ማዶ ሼህ ሰይድ አሉ፤ ከወሎ ከወላጆቼ ጋር በአንድ መኪና የመጡ፣ እናቴ ምስጢሯን ሁሉ የምታማክራቸው ሽማግሌ ናቸው። መጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ። እናቴ ወረቀቶቹን አሁንም በጉጠት አምጥታ ፊታቸው አስቀመጠችና እስከ በሩ ድረስ ራቀች።

ሼህ ሰይድ የመጀመሪያውን አነበቡ፤ በስሜ ይጀምራል። «ትዕግሥት። ካለፈው ያነሰ። አልሐምዱሊላህ።»

«ሌላውስ?» አለች እናቴ ከበሩ።

«ትዕግሥት። በዝቷል። ሥራ ቦታ ተናዳለች፣ ምሳም አትበላም።»

ሦስተኛውን ሲያዩ የሼህ ሰይድ ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ። እናቴ «ይኸው! ይኸው! እሱ ነው!» አለች።

«ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ልንገርሽ ወይስ ይቅር?»

«ይናገሩ! የመጣው ይምጣ!»

ሼህ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እየተረጎሙ አነበቡ። «ቅቤ ተቀብታ መጣች። አልተቀባሁም አለች። ዋሸችኝ። ቅቤ የቀባት ሰው እጁ ጥሩ ነው፣ በደንብ አሽቷል። ግን ስለ ፀጉር ምንም አያውቅም።»

እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እናቴ ከበሩ ሁለት እርምጃ ቀረበችና በቀስታ «እጁ ጥሩ ነው ይላል?» ብላ ጠየቀች።

«ይላል» አሉ ሼህ ሰይድ፣ ከዚያ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኻልቲ ነፊሳ ብቻ አልሳቀችም። እሷ የእናቴን ሻሽ ነበር የምታየው።

«አሁን አንተ። ሻሽ አውልቅ» አለቻት።

ሼህ ሰይድ «ከብቶቼን ልይ» ብለው ተነሥተው ሄዱ። ከብት የላቸውም። እናቴ ለረጅም ጊዜ እምቢ አለች። በመጨረሻ እጆቿ ራሳቸው ወደ ቋጠሮው የሄዱ ይመስል ፈታችው። ከግንባሯ እስከ አናቷ አጋማሽ፣ ከሁለቱም ጆሮዎቿ በላይ፣ የቀረ ፀጉር አልነበረም። ሃያ አምስት ዓመት ለመሙላት ትንሽ የቀረኝ ሴት ነበርኩ፤ የእናቴን ራስ ያን ቀን ነው ያየሁት። ልቤ ተሰበረ።

«እኔ ወጣት ሳለሁ ነው መርገፍ የጀመረው» አለች እናቴ፣ መሬት መሬት እያየች። «ሰው ፀጉርሽን ወስዶ አስደግሞብሽ ነው አሉኝ። ማን እንደሆነ ሳስብ ኖርኩ። የልጄን ፀጉር በወረቀት ተጠቅልሎ ሳየው፣ በቃ፣ ለእሷም መጣ አልኩ።»

ኻልቲ ነፊሳ ጣቶቿን ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈች። «ማነው የጎተተህ?»

«ማንም አልጎተተኝም» አለች እናቴ። ግን በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ዓይኗ ወደላይ እስኪሳብ ድረስ የምትሠራውን ሹሩባ አስታወሰች። ከዚያ የተገለጠውን ለመሸፈን ዓመት ከዓመት አጥብቃ ያሰረችውን ሻሽ አስታወሰች። ኻልቲ ነፊሳ ሻሹን ከእጇ ተቀብላ፣ ጠርዙ እዚያው የተላጠው መስመር ላይ እንደሚያርፍ አሳየቻት።

«መተት ማፊ፣ የለም። ሻሽ ነው» አለች። «ግንባር አይመለስም፣ አልዋሽህም። አናት ግን ይመለሳል፣ ኢንሻአላህ። ሻሽ አላላ፣ ቅቤ ተው።» ከዚያ የቀረውን ፀጉር ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ሕፃን የምታጥብ ይመስል፣ አበጠረችው።

እናቴ የዚያኑ ቀን እትዬ ዘነበች ጋ ደወለች። ተሳስቻለሁ፣ ሴትዮዋ ንጹሕ ናት፣ እባክሽ እንዳታስወጫት አለች። የእትዬ ዘነበች መልስ እኔ የቆምኩበት ድረስ ይሰማ ነበር።

«ይኸው አንቺንም አስደገመችብሽ! የተያዘ ሰው እኮ እንዲህ ነው የሚለው!»

እናቴ ስልኩን ዘጋች። እሷው ለእኔ የተናገረችው ቃል ተመልሶ መጣባት። ወሩ ሊያልቅ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር።

በማግሥቱ የማኅበሩ ቀን ነበርና ሴቶቹ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። አሥራ ሁለት ሴቶች፣ ሁሉም ባለሻሽ። እትዬ ዘነበች ከአሶሳ ማልዳ መጥታ ከካህኑ ቀጥሎ ተቀምጣለች። ዳቦው ተቆርሶ፣ ካህኑ ባርከው ከሄዱ በኋላ እናቴ ተነሣች። እኔ ጠላ እየቀዳሁ ነበር።

«ዘነበች እኔን ተይዛለች እያለችኝ ነው» አለች እናቴ። «እንዲህ እንድትል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እንግዲህ የያዘኝን እዩት።»

ሻሿን ፈታችው። በሰው ሁሉ ፊት፣ በቀን፣ ደጁ እንደተከፈተ። ሠላሳ ዓመት ከባሏም ከልጇም የደበቀችውን።

«ይሄን ያመጣብኝ መተት አይደለም፣ የገዛ እጄ ነው። አጥብቄ ሠራሁት፣ አጥብቄ አሰርኩት፣ ከዚያ በሰው አሳበብኩት። ያቺ ሴት ያደረገችው ነገር ቢኖር ሳትጸየፍ አበጠረችኝ። የሰው እንጀራ በእኔ አፍ እንዲቆረጥ አልፈልግም። ዘነበች፣ ያስወጣሻት እንደሆነ፣ በውሸት ማስወጣትሽን ዛሬ እዚህ ያለነው ሁሉ እናውቃለን።»

እትዬ ዘነበች ብርጭቆዋን አየች። እናቴ ሻሿን አላልታ አስራ ተቀመጠችና «ቅጂ እንጂ ልጄ» አለችኝ። በእናቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሰኞ ለኻልቲ ነፊሳ ሁሉንም ነገርኳት። ሚዶዋን ነክሳ ሰማችኝ።

«ሁሉ ፊት አወለቀ?»

«ሁሉም ፊት።»

«ስንት ሴት ነበረ?»

«አሥራ ሁለት።»

«ማን ሳቀ?»

«ማንም አልሳቀም።»

ሚዶዋን አውጥታ ሳቀች። «አሥራ ሁለት ሴት፣ አንድም አልሳቀም? ያ ቢንቲ፣ ሁሉ ሻሽ ሥር ያው ነው፣ ወንበር አይበቃም!»

ቅዳሜ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ በሩ ላይ የቆመችው እትዬ ዘነበች ነበረች። ሻሿ እስከ ቅንድቧ ወርዷል። እኔን አላየችም፣ ማንንም አላየችም፣ ቀና ብላ ቆርቆሮውን ብቻ ታያለች።

«ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው የመጣሁት» አለች።

ኻልቲ ነፊሳ እሷም ወደ ጣሪያው ቀና ብላ አየች። ከዚያ ወንበሩን በጨርቅ ጠረገችውና፣ «ተቀመጥ፣ ከዚህ በደንብ ይታያል» አለቻት።